የመሪጌታ እንየው መንጋጋ

መጋቢት አራት ቀን ሺህ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ሰኞ ጧት፣ የመሪጌታ እንየው አፍ የሚከፈተው አንድ ጣት ያህል ነበር። ሌባ ጣታቸውን አጋድመው በላይኛውና በታችኛው የፊት ጥርሳቸው መካከል ሲያስገቡ ልክ ይሆናል፤ ሁለተኛ ጣት ልጨምር ቢሉ ግራው መንጋጋ ከጆሮ ሥር «ቀጭ» ይልና እዚያው ላይ ይቆማል። አገጫቸውም ሲወርድ ቀጥ ብሎ አይወርድም፤ ወደ ግራ ያጋድላል። እንጀራ በጥቂት በጥቂቱ ተቆርሶ ይገባል፣ ሽሮ ይገባል፣ የተቆላ ሽምብራ ግን ከኅዳር ወዲህ ገብቶ አያውቅም። ማዛጋት ሲመጣባቸው አገጫቸውን በጡጫቸው ከሥር ደግፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እስኪያልፍ ይጠብቁታል።

ነገሩ በሸማኔ ወይም በገበሬ ላይ ቢደርስ መከራ ነው እንጂ ሥራ አያስፈታም። መሪጌታ እንየው ግን ደሴ፣ ከቧንቧ ውሃ ሰፈር ከፍ ብሎ ባለው ቤተ ክርስቲያን፣ የዜማው መሪ ናቸው። «ኢ» እና «ኡ» በአንድ ጣት አፍ ይወጣሉ። «ኣ» አይወጣም፤ ከጉሮሮ በደንብ ይነሣና ጥርስ ላይ ሲደርስ በር እንደተዘጋበት እንግዳ ይመለሳል። ዜማው ደግሞ «ኣ» የበዛበት ነው።

ሆሳዕና ሃያ ቀን ቀርቶታል። በሆሳዕና ሕዝቡ ዘንባባውን ይዞ ቤተ ክርስቲያኑን ይዞራል፤ በአራቱ ማዕዘን ይቆማል፤ በየማዕዘኑ መሪው ያነሣል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። መሪው ካላነሣ የሚቀበሉት ነገር የለም። የደብሩ አለቃ ይህን ያውቃሉና በዋዜማው እሑድ መሪጌታን ጠርተው፣ «እስከ ሆሳዕና ካልተሻለዎ ግራ ጌታ ደምመላሽ ይምራ፤ ለአንድ ቀን ነው» ብለዋቸው ነበር። መሪጌታ እንየው በቤተ ክህነት «ለአንድ ቀን» የሚባለው ነገር ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ያውቁታል። እሳቸውም ወደዚህ ቦታ የመጡት የቀድሞውን መሪጌታ ጉንፋን ይዟቸው ለአንድ ቀን ተተክተው ነው። ይህ የሆነው የዛሬ አሥራ አራት ዓመት ነው።

ያልሞከሩት የለም። ሰባት ቀን ጸበል ተጠምቀዋል። ጎረቤት «ምች ነው» ብሎ ዳማ ከሴ አሽቶ አስሸትቷቸዋል፤ ከዚያ ያገኙት ማስነጠስ ሲሆን ማስነጠሱም መንጋጋቸውን አሳመማቸው። ፒያሳ የሚሠራ አንድ ጣሊያን ሐኪም ዘንድም ሄደው ነበር። ሐኪሙ ጥርስ ነው አለ። መሪጌታ ጥርስ አይደለም አሉ። በማይከፈት አፍ ጉጠቱ እንዴት እንደገባ እስካሁን ይደንቃቸዋል፤ ብቻ ሐኪሙ ከግራ በኩል አንድ የመንጋጋ ጥርስ አወጣ። ጥርሱ ነጭ፣ ሙሉ፣ እንከን የማይወጣለት ነበር። ሚስታቸው ወርቅአፈራሁ በጨርቅ ቋጥራ አስቀምጣዋለች።

«ኮምቦልቻ እንውረድ» አለች በዚያ ሰኞ። «ወጌሻ ሸረፈዲን ዘንድ። ከመንገድ ሥራው ላይ የሚወድቀውን ሁሉ የሚጠግኑት እሳቸው ናቸው።»

«እስላም ናቸው» አሉ መሪጌታ፣ በጥርሳቸው መካከል።

«አጥንቱስ ምንድነው?» አለች።



ረቡዕ፣ መጋቢት ስድስት፣ በካሚዮን ወረዱ። መሪጌታ መቋሚያቸውን ይዘው ሊሳፈሩ ሲሉ የሾፌሩ ረዳት፣ «አባ፣ ይህ እንጨት የሰው ዓይን ያወጣል፤ ወይ እሱ ይቅር ወይ አንቱ ይቅሩ» ስላላቸው መቋሚያው ቀረ። የሐረጎ ቁልቁለት አዲሱ አስፋልት ገና ያልደረሰበት ቦታ ነበረው፤ እዚያ ላይ መሪጌታ አገጫቸውን በነጠላቸው እስከ አናታቸው ጠቅልለው አሠሩት። ተሳፋሪው ሁሉ ጥርሱን ያመመው ካህን ብሎ አዘነላቸው። ጥርስ አይደለም ለማለት አፍ መክፈት ስለሚጠይቅ ዝም አሉ።

የወጌሻ ሸረፈዲን ቤት ከቦርከና ወንዝ ብዙ አይርቅም። ወጌሻው ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ አጭር፣ አውራ ጣታቸው ከሌላው ሰው አውራ ጣት በግማሽ ያህል የሚሰፋ ሰው ናቸው። ሰላምታው እንዳለቀ መሪጌታን ዱካ ላይ አስቀመጡና ከኋላቸው ቆሙ። የሁለት እጃቸውን ጣቶች ከሁለቱ ጆሮዎች ፊት አሳርፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ይክፈቱ። ይዝጉ። ይክፈቱ። ይዝጉ።»

አሥር ጊዜ አስከፈቷቸው። በአሥሩም ግራው ጮኸ። ከዚያ ጉንጩን ዳሰሱ፤ ቀኙን፣ ግራውን፣ እንደገና ቀኙን። ሲጨርሱ መጥተው ፊት ለፊት ተቀመጡ።

«መቃም የጀመሩት መቼ ነው?»

«ምን?» አለች ወርቅአፈራሁ።

«ጫት ነዋ።»



«እኔ መንጋጋ የተማርሁት ከቃሚ ነው» አሉ ወጌሻው በረጋ ድምፅ። «ግራ ጉንጩ እንዲህ የወፈረ ሰው ሁሉ ጫቱን በግራ የሚይዝ ነው። የአንቱ ደግሞ የአንድ የሁለት ዓመት ጉንጭ አይደለም። ሃያ ዓመት ይሆነዋል።»

ወርቅአፈራሁ ዞራ ባሏን አየቻቸው። ከተጋቡ አሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። መሪጌታ ብዙ የሚሉት ነበራቸው፤ ሕጉን፣ ሥርዓቱን፣ በየትኛው ሰዓት የት እንደሚውሉ በምስክር ለማስረዳት ተነሡ፤ የወጣው ግን «እምምል» የሚመስል ድምፅ ብቻ ነበር።

«ምን አሉ?» አሉ ወጌሻው።

«እየማሉ ይመስለኛል» አለች ወርቅአፈራሁ። ቆየት ብላም፣ «ኧረ መሪጌታ ናቸው» አለች።

«የኛም ሸኾች ሸኾች ናቸው» አሉ ወጌሻው። «ሰው መሆን ግን አይቀርም።»

መሪጌታ በመጨረሻ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው፣ ቃል በቃል እየለዩ፣ «ቅሜ አላውቅም» አሉ። ወጌሻው ቀና ብለው አዩዋቸው። «እሺ። አልቃሙም። እንግዲያው ይህን መንጋጋ እንዲህ የሚያደርገው ሌላ ነገር አለ፤ እኔ አላየሁትም ማለት ነው» አሉና እጃቸውን ሊታጠቡ ተነሡ።

በመጀመሪያ አንገቱን ያዙ። ጨው በምጣድ አሙቀው በጨርቅ ቋጠሩና ከትከሻ እስከ ጆሮ ሥር እየጫኑ ወጡበት። «የመንጋጋ ሥር አንገት ላይ ነው» አሉ። «አንገቱ ድንጋይ ሆኖ መንጋጋውን ብፈታው ነገ ተመልሶ ይቆለፋል።» አንገቱ ለስለስ ሲል ጭንቅላቱን በሁለት እጃቸው ይዘው በዝግታ ወደ ቀኝ፣ በዝግታ ወደ ግራ አዞሩት። ከዚያ ንጹሕ ጨርቅ አውጥተው አውራ ጣታቸውን ጠቀለሉ፤ ከመደርደሪያ ትንሽ ቅል አንሥተው ሊነክሩት ሲሉ ወርቅአፈራሁ ጠየቀች።

«ምንድነው?»

«ቅቤ።»

«ሑዳዴ ነው» አለች።

«አይውጡትም። ለጣቴ ነው።»

«አፍ ከገባ ገባ ነው።»

ወጌሻው ቅሉን መልሰው አስቀመጡ። «የኑግ ዘይት ይሆናል?»

«የማን ኑግ ነው?» አሉ መሪጌታ።

«የጎረቤቴ የጣይባ ነው» አሉ ወጌሻው። «ኑጉን ግን ያበቀለው አላህ ነው።»

ወርቅአፈራሁ ሄዳ በፍንጃል አመጣች። መሪጌታ እስከዚያ ድረስ ስለ ጾም የተማሩትን ሁሉ በልባቸው ሲያገላብጡ ቆዩ። ስለሚበላውና ስለሚጠጣው ብዙ ተጽፏል። ወደ አፍ ገብቶ ምንም ሳይተው ስለሚወጣ አውራ ጣት የተጻፈ ግን ትዝ አላላቸውም። ስለዚህ የቻሉትን ያህል ከፈቱ።

አውራ ጣቱ በግራ በኩል፣ ሐኪሙ ባጎደለው ቦታ አልፎ የኋለኛው ጥርስ ላይ ተቀመጠ። ሌሎቹ ጣቶች አገጩን ከውጭ ያዙ። ወጌሻው ወደ ታች ተጫኑ፤ አልቸኮሉም፤ መሪጌታ ትንፋሽ ሲያወጡ ጫን፣ ሲያስገቡ ላላ እያደረጉ ቆዩ። በሰባተኛው ትንፋሽ ከጆሮ ሥር እርጥብ የጎመን ግንድ ሲሰበር የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ ተሰማ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለች ወርቅአፈራሁ።

«አልሐምዱ ሊላህ» አሉ ወጌሻው።

ሁለት ጣት ገባ። «የጤነኛ ሰው አፍ ሦስት ጣት ይይዛል» አሉ ወጌሻው።

«አብሽሩ፣ መሪጌታ» አሉ ወጌሻው ሲሸኟቸው። «የሚበሉት ለስላሳ ይሁን። ሲያዛጉ ምላስዎን ላንቃዎ ላይ ይለጥፉት። ረቡዕ ይመለሱ።»

መንገድ ላይ፣ ካሚዮኑ ሐረጎ ወገብ ሲደርስ፣ ወርቅአፈራሁ ወደ ባሏ ጠጋ አለች። ከዚያ፣ «እውነት ቅመው አያውቁም?» አለች። አሁን ሁለት ጣት የሚከፈት አፍ ነበራቸውና የመለሱላት መልስ ለተሳፋሪው ሁሉ በደንብ ተሰማ።

ሐሙስ ሁለት ጣት ነበር። ዓርብ በዘጠኝ ሰዓት ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ አንድ ጣት ተኩል ሆነ። እሑድ አንድ።

በሁለተኛው ረቡዕ ካሚዮኑ ላዩ ክፍት ነበርና መቋሚያውም አብሮ ወረደ። ወጌሻ ሸረፈዲን የአንድ የመንገድ ሠራተኛ ክንድ በቀርከሃ ሲያስሩ ስለደረሱ ግቢው ውስጥ መጠበቅ ግድ ሆነ። መቀመጫው ላይ ሌሎች ሕመምተኞች ነበሩ። መሪጌታ ቆሙ። ወጌሻው እየሠሩ በበሩ በኩል ቀና ብለው አዩዋቸው፤ ማሰራቸውን ቀጠሉ፤ እንደገና አዩ። ክንዱ ታስሮ ሰውዬው ከሄደም በኋላ አልጠሯቸውም። ሌላ ሰው አስገቡ። ከዚያ ሌላ።

«ከኛ በኋላ የመጡት ገብተው ወጡ እኮ» አለች ወርቅአፈራሁ በሩ ላይ ቆማ። «ምነው፣ ቂም ያዙብን?»

«ወላሂ ቂም የለኝም» አሉ ወጌሻው። «ሰው ካልደከመው እንዴት እንደሚቆም አይታወቅም። እስቲ ዞር ብለሽ እያቸው።»

ወርቅአፈራሁ ዞረች። መሪጌታ እንየው ግቢው መካከል ናቸው። መቋሚያው መሬት ላይ ተተክሏል። ከአናቱ ላይ ግራ መንጋጋቸው ተቀምጧል፤ ከመንጋጋው በላይ ያለው ጭንቅላት ሁሉ በእሱ ላይ ተጥሏል፤ አንገታቸው ወደ ቀኝ ተጠምዝዟል። ዓይናቸው ተጨፍኗል። በጣም የተመቻቸው ይመስሉ ነበር።

ወጌሻው ወጥተው የመሪጌታን ጢም በሁለት ጣት ከፈል አደረጉት። ከግራ መንጋጋው ማዕዘን በታች፣ በጢሙ የተሸፈነ፣ እንደ ገበሬ መዳፍ የጠነከረ ቆዳ ነበር።

«በቀን ስንት ሰዓት ይቆማሉ?»

«በጾም ከነግህ እስከ ዘጠኝ ሰዓት።»

«ይህ ዱላ የማን ነው?»

«ዱላ አይደለም። መቋሚያ ነው።»

«የማን ነው?»

«የየኔታ ነው። ያስተማሩኝ። ሲያርፉ በእጄ የሰጡኝ ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሆነው።»

«የኔታ ረጅም ነበሩ?»

መሪጌታ እጃቸውን ከራሳቸው በላይ ከፍ አድርገው አሳዩ።

ወጌሻው ቀጥ አድርገው አቆሟቸውና መቋሚያውን ከጎናቸው ተከሉት። አናቱ መንጋጋቸው ማዕዘን ላይ ደረሰ፤ ለልኩ የተጠረበ ይመስል ነበር። ከዚያ ከብብታቸው ሥር እስከ መቋሚያው አናት በእጃቸው ለኩ። አንድ ስንዝር ሆነ።

«የኔታ በብብታቸው ነበር የሚደገፉት» አሉ ወጌሻው። «እሳቸውን ምንም አላደረጋቸውም። አንቱ በአንድ ስንዝር ያጥራሉ፤ ብብትዎ ስለማይደርስ በመንጋጋዎ ተደገፉ። ጭንቅላት ስንት እንደሚመዝን ያውቃሉ? የሙክት ጭንቅላት አንሥተው ያውቃሉ? ያንን ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ አንጓ ላይ አስቀመጡት። መድኃኒቱ መጋዝ ነው።»

መሪጌታ መቋሚያውን ወደ ደረታቸው ሳቡ። «አይቆረጥም» አሉ።

«ከታች ነው የሚቆረጠው። አናቱ አይነካም።»

«የየኔታ ነው ብዬዎታለሁ።»

ወጌሻው አልተከራከሩም። ቀይ ክር አምጥተው ከመቋሚያው እግር በላይ አንድ ስንዝር ለክተው በድርብ አሰሩበት። «እኔ የታመመ እግር እንኳ ባለቤቱ ካልፈቀደ አልነካም። ክሩ ግን ይቀመጥ። ሲፈቅዱ ከክሩ ላይ ነው» አሉ። ከዚያ እንደ ፊተኛው አንገቱን አሙቀው፣ መንጋጋውን በሰባት ትንፋሽ ፈቱት። ሁለት ጣት ሆነ። ወርቅአፈራሁንም አጠገባቸው አቁመው አውራ ጣቷ የት እንደሚቀመጥ፣ ወደ ታች እንጂ ወደ ጎን እንዳትገፋ፣ ቀስ እንድትል አሳዩዋት። «በየጧቱ አድርጊላቸው። ዱላው ካለ ግን ውሃ በወንፊት ነው።»

መሪጌታ ደሴ ተመለሱ፤ መቋሚያውም ከነክሩ ተመለሰ። ሐሙስና ዓርብ በመንጋጋ ላለመደገፍ ቆርጠው ተነሡ። በብብት ሞከሩ፤ ግራ ትከሻቸው ጆሯቸውን ነካ። በእጅ ብቻ ይዘው ሞከሩ፤ እስከ ሦስት ሰዓት ቻሉ። ከዚያ በኋላ ልብ ወደ ዜማው ሲሄድ መንጋጋ በቅሎ በረቷን እንደምታገኝ ያንን አናት አገኘው። ሲነቁ ሁልጊዜ እዚያው ላይ ነበሩ።

ክሩን ያየው ግራ ጌታ ደምመላሽ ነው። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ አፉ ምንም ችግር የለበትም።

«መሪጌታ፣ ክሩ ምንድነው?»

«ስለት ነው።»

«የተሳለው መቋሚያው ነው?»

«አዎ» አሉ መሪጌታ።

«ምን እንዲደረግለት?»

መሪጌታ መቋሚያውን ከነክሩ ወደ ሌላው ጎናቸው አዞሩት።

የኒቆዲሞስ እሑድ፣ መጋቢት አሥራ ሰባት፣ ነገሩ በሕዝብ ፊት ሆነ። መሪጌታ አነሡ፤ ሁለት ሐረግ ሄዱ፤ ሦስተኛው ላይ ረጅሙ «ኣ» መጣ። መንጋጋቸው ቀጭ ብሎ ቆመ። ድምፁ ወደ አፍንጫቸው ዞሮ እንደ ንብ እምምም አለና ጠፋ። መቀበል የነበረባቸው ሊቃውንት እርስ በርስ ተያዩ። ደምመላሽ ከግራ በኩል ያንኑ «ኣ» ከተቋረጠበት አንሥቶ፣ ሰፊ አድርጎ፣ እስከ መጨረሻው አደረሰው። ጥሩ አድርጎ እንዳደረሰው መሪጌታ እንየው ራሳቸው ይመሰክራሉ፤ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ቸኩሏል።

ሲወጡ አለቃው ጠበቋቸው። «ደምመላሽ ለሆሳዕና ይዘጋጅ ብያለሁ» አሉ። «አይቀየሙኝ።»

«ለአንድ ቀን?» አሉ መሪጌታ።



ሰኞ ጧት ወርቅአፈራሁ ከጎረቤት አናጢ መጋዝ ተውሳ መጣች። ማንም አላዘዛትም። መጋዙን መደቡ ላይ አስቀምጣ ሥራዋን ቀጠለች። መሪጌታ መጋዙን እያዩ፣ መቋሚያውን እያዩ ብዙ ተቀመጡ። የሚያስቡት የኔታን ነበር። የኔታ ቆመው ሲያስተምሩ መቋሚያው ከብብታቸው ሥር ነበር፤ አንገታቸው ቀጥ ያለ ነበር፤ ይህን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያውቁት ነበር፤ ግን ከእንጨቱ ርዝመት ጋር አያይዘውት አያውቁም። በመጀመሪያው ዓመት መንጋጋቸውን ሲቆረቁራቸው ከትምህርቱ ጋር አብሮ የሚመጣ መስሏቸው ነበር።

«እኔ ልቁረጠው?» አለች ወርቅአፈራሁ።

«አንቺ ያዢልኝ።»

እሷ አናቱን ይዛ ተቀመጠች፤ እሳቸው እግሩን ድንጋይ ላይ አሳረፉ። «የኔታ፣ ይፍቱኝ» አሉ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። ወይራ ነውና አልቀለለም። ክሩ ጋ ጀምረው አርባ ሦስት ጊዜ መጋዙን ሳቡ። የተቆረጠውን ጫፍ ወርቅአፈራሁ አነሣችና ወዲያ ወዲህ አይታ ጥርሱ ካለበት ጨርቅ ጋር አብራ ቋጠረችው።

«አሁን ይቁሙ» አለች።

ቆሙ። አናቱ ብብታቸው ሥር ገባ። ጭንቅላታቸውን የሚያስቀምጡበት አጡ። ለጊዜው ትከሻቸው ላይ ተዉት።

በዚያ ሳምንት በየጧቱ ወርቅአፈራሁ ጨው አሞቀች፤ አንገታቸውን አሸች፤ አውራ ጣቷን ጠቅልላ አስገባች። ማክሰኞ ነከሷት። «ዓይኔን ጨፍኜ ስለነበር ነው» አሉ። «ጨፍነው ነው የሚነክሱ?» አለች፤ ረቡዕ ዓይናቸውን ገልጠው አደረጉት። አገልግሎቱ ላይ መንጋጋቸው በየጊዜው ወደ ቀድሞ ቦታው ይወርዳል፤ እዚያ አየር እንጂ አናት አያገኝም፤ ደንገጥ ብለው ይነቃሉ። ሐሙስ አሥራ አንድ ጊዜ ነቁ። ዓርብ አራት ጊዜ። ዓርብ ጧት ሁለት ጣት ነበር፤ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱም ሁለት ጣት ሆኖ መጀመሪያ የተገኘው የዚያን ቀን ነው።

ቅዳሜ አለቃው ቤት ሄዱ። አለቃው ግቢያቸው ውስጥ ዘንባባ ሲያስለዩ ነበር።

«ተሻለኝ» አሉ መሪጌታ።

«እስቲ ይክፈቱ።»

ከፈቱ። አለቃው ጎንበስ ብለው አዩ። «ጥርስ ጎድሏል።»

«እሱ የሐኪሙ ነው።»

«ለነገሩ ጥርስ ምን ያደርግልኛል፤ ድምፁን ነው የምፈልገው።»

መሪጌታ ከደረታቸው ቀና ብለው፣ ረጅሙን «ኣ» አንድ ጊዜ አነሡት። የሚለዩት ሰዎች ዘንባባውን እንደያዙ ቆሙ። አለቃው ጆሯቸውን ሰጥተው እስኪያልቅ ጠበቁ።

«ደምመላሽ ሳምንቱን ሙሉ ተዘጋጅቷል» አሉ።

«መዘጋጀት ማንንም አልጎዳም።»

«ቅር ይለዋል።»

«እኔም ቅር ብሎኝ ነበር።»

አለቃው ጢማቸውን አሹ። «እንግዲያው ይጀምሩ። በአንዱ ማዕዘን ላይ ድምፅዎ ቢቆም ግን ደምመላሽ ያነሣል። ካነሣ በኋላ እኔን አይጠይቁኝ።»

«አልጠይቅም» አሉ መሪጌታ።

በሆሳዕና ጧት ሊቃውንቱ ሲሰለፉ የመሪጌታ መቋሚያ ከሁሉም አጥሮ ታየ። ደምመላሽ መጀመሪያ መቋሚያውን፣ ቀጥሎ መሪጌታን አየ።

«ጾሙ መቋሚያዎንም ከብዶት ነበር ለካ» አለ። አጠገቡ ያሉት ሁለቱ ሳቃቸውን በነጠላቸው ያዙ።

«ከብዶት ነበር» አሉ መሪጌታ። «አሁን ቀሎታል።»

በመጀመሪያው ማዕዘን አነሡ፤ ተቀበሏቸው። በሁለተኛውም አነሡ፤ ተቀበሏቸው። በሦስተኛው ማዕዘን ላይ፣ «ኣ» ሊደርስ ሁለት ቃል ሲቀረው፣ ግራው መንጋጋ ቀጭ አለ። ደምመላሽ ሰማው፤ ትንፋሽ ሲስብ መሪጌታ ሰሙት። መቋሚያውን ወደ ብብታቸው ጠጋ አደረጉ። አንገታቸውን አቀኑ። ወጌሻው እንዳሏቸው ምላሳቸውን ላንቃቸው ላይ አሳርፈው ላላ አደረጉና አገጫቸውን በዝግታ፣ ቀጥ አድርገው ለቀቁት። «ኣ»ው ወጣ። እንደ ድሮው ሰፊ አልነበረም፤ ግን ዳር እስከ ዳር አንድ ነበር፤ ካለቀም በኋላ ትንፋሽ ተርፏቸዋል። ደምመላሽ የሳበውን ትንፋሽ በአፍንጫው ለቀቀውና ከሌሎቹ ጋር ተቀበለ። አራተኛውን ማዕዘን ማንም አልጠረጠረውም።

ቅዳሴው አልቆ ሰው ሲበተን ደምመላሽ ወደ መሪጌታ መጣ። ቀጥ ብሎ ቆሞ የራሱን መቋሚያ ከጎኑ ተከለ። ከብብቱ በላይ አራት ጣት ያህል ይተርፋል።

«ይህ የአጎቴ ነበር» አለ። «ጧት ጧት አንገቴን ይይዘኛል።»

«በየትኛው በኩል?» አሉ መሪጌታ።

«በቀኝ።»

«ወጌሻው መጀመሪያ ትቅማለህ ይሉሃል» አሉ መሪጌታ። «አትቀየማቸው።»

አለቃው ስለ መሪነቱ ከዚያ በኋላ ምንም አላነሡም፤ የስቅለቱንም የትንሣኤውንም ሥርዓት ለመሪጌታ እንየው አዘዙ።

ሚያዝያ አራት፣ ከፋሲካ በኋላ ባለው ረቡዕ፣ ወርቅአፈራሁና መሪጌታ ኮምቦልቻ ወረዱ። ወጌሻ ሸረፈዲን መቋሚያውን ተቀብለው ከታች እስከ ላይ አዩት፤ ግድግዳው ላይ አስደገፉት። ከዚያ ጣቶቻቸውን ጆሮዎቹ ፊት አሳርፈው አሥር ጊዜ አስከፈቱ። አገጩ ቀጥ ብሎ ወረደ። ግራው መንጋጋ ከአሥሩ ሦስት ጊዜ ጮኸ። ወጌሻው ፊት ለፊት መጥተው የመሪጌታን የራሳቸውን ጣቶች ይዘው አጋደሙ፤ አንደኛው ገባ፣ ሁለተኛው ገባ፣ ሦስተኛው እስከ ጥፍሩ ድረስ ገባ።